ዶኛ ዴልፊና ያካፈሉት እሳት

ፌምከ የምትባለው የሆላንድ ተማሪ ወደ መንደራችን ወደ ፑንታ ሎሬና የመጣችው ዝናቡ ባበቃበት ወር ነው። የባሕር ዳርቻ ወዳጆች የተባለው ማኅበር ከባሕር ማዶ የሚያስመጣቸው በጎ ፈቃደኞች አብዛኛውን ጊዜ በማኅበሩ ቤት ያርፋሉ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ መዝናኛው ዳርቻ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ትከሻቸው በፀሐይ ተልጦ ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ግን የማኅበሩ ቤት ሞልቶ ስለ ነበር ፌምከ በዶኛ ዴልፊና ካይሴዶ ቤት እንድትኖር ተደረገ።

ዶኛ ዴልፊና ባላቸውን ባሕር የወሰደባቸው፣ ልጆቻቸውም ወደ ጓያኪል ከተማ ሄደው የቀሩባቸው ሴት ናቸው። የሚተዳደሩት ኮንቻ የሚባለውን ጥቁር ዛጎል በባሕር ዳር ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ደን ጭቃ ውስጥ በእጃቸው እየለቀሙ ነው። ቤታቸው እንደ ሁላችንም ቤት በእንጨት እግሮች ላይ የቆመ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ከወለሉ በታች ይገባል፣ ሲጎድል ቦታውን ለአሳማዎቹ ይለቅላቸዋል። እኔ የምኖረው ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነው፤ የሆነውን ከፊሉን በዐይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ።

ፌምከ በእጇ ላይ ትልቅ ሰዓት አስራ ነበር የመጣችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አወለቀችው። በዚህ መንደር ሥራ የሚጀመረው ባሕሩ ሲሸሽ ነው፤ ባሕሩም ዛሬ የሸሸበት ሰዓት ላይ ነገ አይሸሽም። አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ሌላ ቀን እስከ ረፋድ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ቁርሷ ተጠብሶ የተወቀጠ አረንጓዴ ሙዝና አይብ ነው። ከዚያ የላስቲክ ቦቲዋን ታጠልቃለች፣ ቅርጫቶቹን ትሸከማለች፣ የዶኛ ዴልፊናን ክንድ ይዛ ወደ ታንኳው ታወርዳቸዋለች። የዶኛ ዴልፊና ጉልበት ታማሚ ስለ ነበር፣ አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጉ ነበር።

ከቤቱ ሥር መረብ ሲጠግኑ የሚውሉት ዶን ቶሪቢዮ ሁለቱን ሳይተነኩሱ አሳልፈዋቸው አያውቁም።

«ዴልፊና! ዛሬም ያንን ነጭ ምሰሶ ይዘሽ ነው የምትሄጂው?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ቅናትህ አያልቅም?»

«ለትንኞቹ አዝኜ ነው እንጂ! እንዲህ ያለ ለስላሳ ሥጋ አስለምደሻቸው፣ ነገ ልጅቷ አገሯ ስትገባ የእኔን ቆዳ ሊነክሱ ነው? ጥርሳቸው ይረግፋል እኮ!»

ፌምከ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈገግ ብላ ታልፍ ነበር። አንድ ቀን ግን ቆም አለችና፣ «ዶን ቶሪቢዮ፣ ትንኞቹ የእርስዎን ቆዳ አይፈሩም» አለቻቸው።

«ታዲያ ምኔን ይፈራሉ?»

«ሽታዎን።»

ዶኛ ዴልፊና ታንኳው እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶን ቶሪቢዮ «ምሰሶዋ» ማለታቸውን ትተው «ምላሷ» ይሏት ጀመር፤ በእኛ ዘንድ ይህ ሹመት ነው።

ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ግቢ የማንግሮቭ ችግኝ ታጠጣለች፤ ወደ ማታ እኔ ከማስተምራቸው የትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ታነባለች። ስፓኝኛዋ ስሕተት የሞላበት ቢሆንም፣ ስሕተቷን ስትታረም ደስ የሚላት ተማሪ ነበረች፤ ይህን በሰው ላይ ሳይ እወዳለሁ። ወደ ቤት ስትመለስ ዶኛ ዴልፊና በኮኮናት ወተት የሠሩትን ዓሣ አቅርበው ይጠብቋታል። «እማ ዴልፊ» ማለትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ዶኛ ስትዪኝ ግብር ሰብሳቢ የመጣ ይመስለኛል» አሏት።

ስለ እሳቱ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። በማንግሮቭ ደን ውስጥ ያለ ጭስ መሥራት አይቻልም፤ ትንኙ ሰውን ያሳብዳል። ስለዚህ እያንዳንዷ ለቃሚ ከደረቀ የኮኮናት ቃጫ የተጠቀለለ ማጨሻ ይዛ ትወጣለች፤ አጠገቧ ባለ ሥር ላይ ሰክታ እያጨሰች ትሠራለች። ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ጭቃ የሁሉም ጭቃ ይባላል፤ እዚያ ማንም የራሱን ክብሪት ይጭራል። ከዚያ ወዲያ በጅረቶቹ መካከል ግን በየቤቱ ከእናት ወደ ልጅ የወረዱ ቦታዎች አሉ። ወደዚያ በእንግድነት የገባ ሰው ክብሪት አይጭርም። ባለቤቲቱ የራሷን ታቀጣጥላለች፤ እንግዳው ቃጫውን አቅርቦ ከእሷ ይለኩሳል። እሳት የተካፈለ ሰው ቦታውን ዐወቀ ማለት ነው፤ ባለቤቲቱ በአፏ ሳትፈቅድለት ግን ሌላ ሰው አስከትሎ አይገባም። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ በመንግሥት ዘንድ ጭቃው የማንም አይደለም። ቢሆንም የመንደራችን ሴቶች እስከ ዛሬ የኖሩት በዚህ ነው። ከሥራ ሲመለሱ በወደቡ ላይ «የት ለቀምሽ?» እየተባባሉ ይቀላለዳሉ፤ ቦታዋን የምትናገር ስለሌለች መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ውኃው በወሰደኝ።»

የዶኛ ዴልፊና ቦታ ከእናታቸው የወረሱት ነበር። ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ሌሎቹ ሴቶች የሞተር ጀልባ ተጋርተው ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ይሄዳሉ፤ እሳቸው በዚያ ጉልበት ከጀልባ ዘሎ መውረድ አይችሉም። ያ ቦታ ከእጃቸው ቢወጣ፣ የሚቀራቸው ሁሉም የሚረግጠውና ምንም የማይገኝበት የሁሉም ጭቃ ብቻ ነው። ይህን ስለሚያውቁ ከአውራ ጣታቸው አንጓ ያነሰች ኮንቻ በእጃቸው ከገባች መልሰው ይቀብሯታል እንጂ ወደ ቅርጫት አይጥሏትም።

ፌምከንም መጀመሪያ የወሰዷት ወደ ሁሉም ጭቃ ነው፤ እንግዳ ሁሉ የሚወሰደውና አንድ ዛጎል ይዞ ፎቶግራፍ የሚነሣው እዚያ ነው። በኋላ ጉልበታቸው ጸንቶባቸው ቤት በዋሉበት ቀን ልጅቷ ብቻዋን ሄዳ ለቅማ መጣች። ዶኛ ዴልፊና ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ደፍተው እያንዳንዷን ዛጎል በጣታቸው ለኩ። ከልክ ያነሰች አንዲትም አላገኙም። በማግስቱ ታንኳው ከወደቡ እንደ ወጣ፣ አፍንጫውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት።

ጅረቱ እየጠበበ፣ ቅርንጫፉ እየተቆላለፈ ሄደ። ከአንድ ትልቅ የማንግሮቭ ሥር አጠገብ ሲደርሱ ዶኛ ዴልፊና ቃጫቸውን አቀጣጠሉ።

«ይህ የእናቴ ነበር» አሏት። «ቃጫሽን አቅርቢ።»

ፌምከ አቀረበች። ሁለቱ ጫፎች ተነካኩ፣ ጭሱ ተቀላቀለ።

«አሁን ገብተሻል።»

«ለማንም አልናገርም፣ እማ ዴልፊ።»

«መናገርማ ቀላል ነው፤ ሰው ምላሱን ይነክሳል። የሚያስቸግረው እግር ነው። እግርሽን ጠብቂልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ፌምከ በወደቡ ላይ ሴቶቹ «ምላሷ፣ የት ለቀምሽ?» ሲሏት፣ ቀና ብላ «ውኃው በወሰደኝ!» ትላቸው ነበር። ሴቶቹም በሳቅ ይፈርሳሉ። እንደዚያ ደስ ብሏት ለሰው ስትመልስ ሌላ ጊዜ አላየኋትም።

አሁን ስለ ሊዛንድሮ ልናገር። ሊዛንድሮ በማኅበሩ ውስጥ የበጎ ፈቃደኞቹ ኀላፊ ነው። ፊደል ያስቈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ፈጣን አእምሮ ነበረው፣ ዛሬም አለው። የዶኛ ዴልፊና የክርስትና ልጅ ነው። በአገራችን የክርስትና ልጅ የክርስትና እናቱን ባገኘበት ቦታ ሁሉ ምርቃት ይጠይቃል፤ እሷም ትመርቀዋለች። ሊዛንድሮ ይህን አጓድሎ አያውቅም። በገበያ መካከል እንኳ ቢሆን ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እማ፣ ምረቂኝ!» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ» ይሉታል።

ፌምከ የምታየው ይህን ነበር። ያላየችው ደግሞ ይህ ነው። ሊዛንድሮ ጎረምሳ ሳለ ዶኛ ዴልፊና እሳት ሰጥተውት ነበር። አንድ ቀን በከረጢቱ ውስጥ ከቅጠል ሥር የተደበቁ ጥቃቅን ኮንቻዎች አገኙ። አልተቆጡትም። በማግስቱ የራሳቸውን ቃጫ ለኩሰው ወደ እሱ ሳያቀርቡ ቀሩ፤ እሱም ገብቶት ሁለተኛ አልተከተላቸውም። ምርቃቱን ግን አልነፈጉትም። በክርስትና ልጃቸው ላይ ክፉ ማውራት ነውር ስለሚሆንባቸው፣ ይህን ለፌምከ አልነገሯትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፌምከ ችግኝ ስታጠጣ ሊዛንድሮ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«የክርስትና እናቴ ጉልበት እንዴት ነው?»

«ትናንት ከታንኳው ስትወርድ ልትወድቅ ነበር። ያዝኳት።»

«አየሽ! እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፤ በኩሬ ውስጥ ያሳደግናቸው ጥቃቅን ኮንቻዎች አሉ። በእሷ ቦታ ብንተክላቸው፣ በዓመቱ እጇን ባስገባች ቁጥር እፍኝ ሙሉ ታወጣለች። ለካርመን እመቤታችን በዓል ስጦታ እንዲሆናት አስቤ ነበር።»

«በጣም ደስ ይላታል! ልንገራት?»

«ከነገርሻትማ አለቀ። ዴልፊና ካይሴዶ ከሰው ስጦታ ተቀብላ ታውቃለች? አብረሻት እየኖርሽ አታውቂያትም እንዴ?»

ይህ እውነት ነበር፤ ሐሰቱ የገባው በእውነቱ በር ነው። ፌምከ ግን ወዲያው እሺ አላለችም።

«ግን እኮ እሳት የሰጠችኝ እኔን ብቻ ነው።»

ሊዛንድሮ ሳቀ። «እንዴ፣ ፌምከ! እኔ እኮ ክርስትና የተነሣሁት በእሷ ክንድ ላይ ነው። አንቺ ገና ዳዴ ስትዪ እሳት የሰጠችኝ ሰው ነኝ። ከፈለግሽ ዶን ቶሪቢዮን ጠይቂ። እነዚህ ጅረቶች በየዓመቱ አፋቸውን እየቀየሩ መንገዱ ጠፋብኝ እንጂ አንቺን አላስቸግርም ነበር።»

እሷም በእርግጥ ዶን ቶሪቢዮን ጠየቀች። «ሊዛንድሮ እሳት ተሰጥቶት ያውቃል?» አለቻቸው። ዶን ቶሪቢዮ ከመረባቸው ቀና ሳይሉ፣ «ተሰጥቶት ነበር፣ በልጅነቱ» አሉ። ለምን እንደ ጠየቀቻቸው እሳቸው አልጠየቁም፤ እሳቱ ለምን እንደ ቀረ እሷ አልጠየቀችም። መጠየቅ የነበረባት ግን ማታ ማታ ዓሣ የምታቀርብላትን አንዲት ሴት ነበር። ሰው ስጦታ ሊሰጥ ሲቸኩል፣ የሚሰጠው ነገር የማን እንደ ሆነ ማሰቡን ይዘነጋል።

ዶኛ ዴልፊና ለጉልበታቸው ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ በሄዱበት ቀን፣ ፌምከ ሊዛንድሮን በታንኳ ይዛው ገባች። በየመታጠፊያው እጁን ዘርግቶ ቅርንጫፍ ይቀነጥስ ነበር። በሐሳብ ተውጦ የሚጫወት መሰላት። ከትልቁ ሥር ሲደርሱ እሷ እንደ ተማረችው ቃጫዋን ለኩሳ ወደ እሱ አቀረበች። እሱ ግን ከኪሱ ላይተር አውጥቶ ሲጋራ አቀጣጠለ።

«ቃጫ አትፈልግም?» አለችው።

«ለአንድ አፍታ ነው» አላት። እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ወደ ጭቃው አስገባ፣ አወጣ፣ እፍኙን አየ። ከዚያም እንደ ልጅ ሳቀ። «እማ ዴልፊ! እማ ዴልፊ!» አለ ለራሱ፤ «ይህን ሁሉ ዓመት!»

የካርመን እመቤታችን በዓል ሲደርስ መንደሩ በሙሉ ባሕር ላይ ወጣ። ጀልባዎቹ በወረቀት አበባ ተሸለሙ፤ ማሪምባ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ በትልቁ ጀልባ ላይ ተጫነ፤ ሐውልቷ በነጭ መጋረጃ ሥር ተቀመጠች። ዶኛ ዴልፊና አዲስ ቀሚስ ለብሰው በዶን ቶሪቢዮ ጀልባ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፌምከ አጠገባቸው ነበረች። ሊዛንድሮ በሰልፉ ውስጥ አለመኖሩን አይታለች፤ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንዳለ የምታውቅ ስለ መሰላት ፈገግታዋን መያዝ አቃታት።

«ምን ያስቅሻል?» አሏት ዶኛ ዴልፊና።

«ነገ ታዪዋለሽ።»

«ቶሪቢዮ፣ ይህቺ ልጅ ባል አገኘች መሰለኝ!»

«ካገኘች እኔን ነዋ!» አሉ ዶን ቶሪቢዮ ከመቅዘፊያቸው። «ሽታዬን ወደደችው።»

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ሁለቱ ወጡ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዶኛ ዴልፊና መቅዘፋቸውን አቆሙ። የተቀነጠሰውን ቅርንጫፍ አዩ፣ በእጃቸው ያዙት፣ ለቀቁት። በሁለተኛው መታጠፊያም እንዲሁ ሌላ አዩ። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፍ ማየት አላስፈለጋቸውም፤ የሞተር ጀልባ እንዲያልፍ ሥሮቹ በቆንጨራ ተቈርጠው፣ ጅረቱ እንደ መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ቦታው እንደ ታረሰ ማሳ ተገልብጧል። ትልልቆቹ ተወስደዋል። ገዢ የማይፈልጋቸው ጥቃቅኖቹ ጭቃው ላይ ተበትነው፣ ከፊሎቹ በቦቲ ተረግጠው ተሰባብረዋል። በየሥሩ የሲጋራ ቁራጭ ተጥሏል። የቃጫ ዐመድ ግን የትም አልነበረም።

ፌምከ አሁንም አልገባትም ነበር። ዐይኗ የተተከለ ነገር ይፈልግ ነበር።

«ማንን አመጣሽ?» አሏት ዶኛ ዴልፊና። ድምፃቸው ከወትሮው አልጨመረም።

«ሊዛንድሮን። ግን ሊተክል ነው የመጣው፣ እማ ዴልፊ! ጥቃቅን ኮንቻዎች ሊተክልልሽ... ስጦታ ነበር። ለበዓልሽ።» የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ገባት፤ አፏን በጭቃማ እጇ ሸፈነች።

«ሊዛንድሮ» አሉ አሮጊቷ፣ የሞተ ሰው ስም እንደሚጠራ። ቀጥለውም፣ «የሚያስቸግረው እግር ነው ብዬሽ ነበር» አሉ።

ከዚያ ያን ጉልበት ይዘው፣ የማንንም እጅ ሳይጠይቁ ከታንኳው ወረዱ። በሕይወት ያሉትን ጥቃቅን ኮንቻዎች አንድ በአንድ እያነሡ መልሰው ይቀብሩ ጀመር። ፌምከ እያለቀሰች ልትረዳቸው አንድ እግሯን አወጣች።

«ተቀመጪ» አሏት ቀና ሳይሉ። «ታንኳው ባዶውን አይቁም።»

ታንኳው በሥር ላይ ታስሮ ነበር።

ሊዛንድሮን በማኅበሩ በረንዳ ላይ ምሳ ሲበላ አገኘችው። በጭቃ እንደ ተለወሰች ገባች።

«ዋሸኸኝ!»

«ቁጭ በይ መጀመሪያ። ሩዝ አለ።»

«ልትተክል ነው ያልከኝ!»

«እተክላለሁ፤ ኩሬው ሲደርስ። በገዛ አገሬ ጭቃ መቼ እንደምተክልና መቼ እንደማወጣ ልትነግሪኝ ነው?» አፉን ጠረገ። «የማንም ጭቃ አይደለም። የወደብ ሹሙን ጠይቂ።»

«እናትህ ናት! በየቀኑ ትመርቅሃለች!»

«ትመርቀኛለች» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «ለእኔ ቃል፣ ለአንቺ እሳት። ትናንት ለመጣሽው! ያ ነገር ያማል፣ ፌምከ። አንቺ ዝናቡ ሲመለስ አውሮፕላን ላይ ነሽ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ለሁሉም ሰው እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። 'ማን ወሰደው?' ይሉሻል። ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?»

ሊዛንድሮ የተጠቀመበት ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አወቀች፤ ገንዘብ አልሰጣትም፣ አላስፈራራትም፤ ደግ ለመሆን መቸኮሏን ብቻ ይዞ መንገዱን እንድትመራው አደረጋት። ልጅቷ ከአገሯ የመጣችው በዚያው ደግነት ነበር፤ ስለዚህ የተከዳችው ከራሷ ነገር ሁሉ በምታምነው በኩል ነው።

ወሬው ሳይመሽ መንደሩን አዳረሰ። ዶን ቶሪቢዮ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ዶኛ ዴልፊና ደረጃ መጡ።

«ተነሺ፣ ወደ ወደብ ሹሙ እንሂድ። ሥር በቆንጨራ መቍረጥ ያስቀጣል።»

«አልሄድም።»

«ዴልፊና፣ ያ ልጅ አፈር አስበላሽ እኮ!»

«ራሱን በክንዴ ደግፌ ነው ውኃ የፈሰሰበት። የክርስትና ልጄን ለሹም አልሰጥም። አንተም አትሰጥብኝ።»

ዶን ቶሪቢዮ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ዕለት ስለ ትንኝ አልቀለዱም።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እኔም ነበርሁ። ሊዛንድሮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሱቁ ጥላ ቆሞ ነበር። ዶኛ ዴልፊና በፌምከ ክንድ ሳይሆን በዱላ ተደግፈው ሲያልፉ፣ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እማ፣ ምረቂኝ!»

ዶኛ ዴልፊና አልፈው ሄዱ። አልፈጠኑም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም፤ በጎዳና ላይ ማንም እንዳልጠራቸው ሰው ሄዱ።

«እማ!» አለ ደግሞ፤ ድምፁ በመካከል ተሰበረ። ባርኔጣውን በእጁ እንደ ያዘ ቀረ። በዚህ መንደር በሰው ፊት ምርቃት የተነፈገ የክርስትና ልጅ ከዚያ በፊት አላየሁም። ለሹም ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ያልቅ ነበር።

ፌምከ ከኋላ እየተከተለች ነበር። ይህን ስታይ በእሱ ላይ የተፈረደላት መስሏት ትንሽ ተጽናናች። ቤት ሲገቡ ግን የእሷም ፍርድ ቀርቦ ቆያት። በጠረጴዛው ላይ ለካህን ብቻ የሚወጣው የብርጭቆ ሳሕን ተቀምጦ ነበር፤ የዓሣው ትልቁ ክፍል በእሱ ላይ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ የሚበሉት በአንድ የቆርቆሮ ሳሕን ነበር።

«ይብሉ፣ ሴኞሪታ» አሏት፤ የማናውቃትን ወጣት ሴት የምንጠራው እንዲህ ነው።

«እማ ዴልፊ፣ እባክሽ! ተቆጪኝ። ምቺኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ዓመት ሙሉ ልሥራልሽ።»

«እንግዳ አይሠራም።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሁሉ እንዲህ ሆነ። አልጋዋ በንጹሕ አንሶላ ይነጠፍላታል፤ ልብሷን ራሷ ልታጥብ ስትነሣ ታጥቦ ታገኘዋለች፤ ከጠረጴዛ ሳሕን ልታነሣ ስትል እጅ ይቀድማታል። አንድ ክፉ ቃል አልተነገራትም። ማታ ማታ ወደ እኔ በረንዳ እየመጣች፣ «ምን ላድርግ?» ትለኝ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የእሷ ድርሻ እንደ ሆነ፣ መስጠቱና መንፈጉ ግን የሌላ ሰው እንደ ሆነ ነገርኋት። የሚያጽናና መልስ አልነበረም፤ ሌላ መልስ ግን አላውቅም።

ልትሄድ በተቃረበችበት ቀን፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዶኛ ዴልፊና ደረጃው ላይ ቆመው፣ «ቦቲዎን ያድርጉ» አሏት። ፌምከ ቅርጫቶቹን ይዛ ሮጠች፤ ታንኳው ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ጅረቶቹ አዞረች።

ዶኛ ዴልፊና ታንኳውን ወደ ሁሉም ጭቃ ቀዘፉት።

እዚያ የነበሩት ሴቶች ዶኛ ዴልፊናን በዚያ ጭቃ ላይ ለእንጀራቸው ሲለቅሙ አይተዋቸው አያውቁም ነበር። ትንሽ ትንሽ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። አሮጊቷ የራሳቸውን ቃጫ አቀጣጠሉ። ፌምከ ቃጫዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ክንዷን ዘርግታ ጠበቀች። ዶኛ ዴልፊና ከቀሚሳቸው ኪስ አዲስ የክብሪት ሳጥን አወጡና በዚያ በተዘረጋ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ ወደ ጭቃው ጐንበስ አሉ።

ንፋስ ስለ ነበር ደጋግማ ጫረች። በመጨረሻ ያዘላት። ሁለቱ ጭሶች ራቅ ራቅ ብለው ወጡ።

ያን ቀን የለቀሙት ተደምሮ የአንድ ቅርጫት ወለል እንኳ አልሸፈነም። ወደ ወደቡ ሲመለሱ ሴቶቹ በየታንኳቸው ቆመው ጭቃቸውን ይታጠቡ ነበር። ፌምከ ቅርጫቷን ይዛ በመካከላቸው ቀስ ብላ አለፈች፤ መልሱ በአፏ ላይ ነበር። «ውኃው በወሰደኝ» ልትል ነበር። «የት ለቀምሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።